የግድግዳው ገደል ጠባቂ

አያ ሙጬ ማረፋቸውን የሰማሁት ዳባት መናኸሪያ በር ላይ፣ ወደ ሥራ የሚወስደኝን ባጃጅ ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ ሠዓሊው ዳኘው ነበር። መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ፤ ከዚያ እንደገና ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ዳኘው ሰላምታ የሚያበዛ ሰው አይደለም።

«አያ ሙጬ አረፉ» አለኝ በመጨረሻ። «ትናንት ቀበርናቸው። ጥድፊያ ሆኖብን ሳንነግርሽ ቀረን፤ አትቀየሚን።»

«ነፍስ ይማር» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

«ለአንቺ የላኩት መልእክት አለ። አንደበታቸው ሳይያዝ ጠርተው አደራ ብለውኛል። "ለባለሙያዋ ንገርልኝ፤ እኔ ባልኖርም ነብሩን ከበሩ አጠገብ እንዳይሰቅሉት። ሰው ሳያየው ይደርስበታል" ብለዋል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ነብሩ ሥዕል ነው። ሰው በተሰበሰበበት በር ላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። አጠገቤ የድንች ጆንያ ይዛ የቆመች ሴትዮ ጆንያዋን ጥላ ደገፈችኝ። «ምነው እህቴ፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። አባቴ አይደሉም፤ ዘመዴም አይደሉም። «የሥዕል ማሳያ ዘበኛ» ብላት ምን ይገባታል? «ስካውት» አልኋት። እሷም የፓርክ ጠባቂ ባሌ መስሏት ኖሮ፣ ባጃጁ እስኪመጣ ድረስ ወጣትነቴን እያነሳች አብራኝ አለቀሰች።

ወደ ዳባት ከመዛወሬ በፊት፣ ደባርቅ ከተማ ለአካባቢው ሠዓሊዎችና የእጅ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት አዳራሽ ሲከፈት፣ የእደ ጥበብ ባለሙያ ተብዬ የተመደብሁት እኔ ነበርሁ። አዳራሹ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከፍ ብለው የተሠሩት መስኮቶች መስታወት አልገባላቸውም፤ «በሚቀጥለው ይገባል» እየተባለ ብዙ ክረምት አልፏል። ግድግዳው ላይ የዳኘው ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ዳኘው ሥራው የምግብ ቤት ታፔላና የባጃጅ ጭቃ መከላከያ ላይ መሳል ነው፤ ለራሱ ሲሆን ግን ተራራ ይስላል። ከሥዕሎቹ ሥር ስፌት፣ ማሰሮ፣ ከበግ ጠጉር የተሠሩ ባና የሚሉት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በርኖስና ቆቦች፣ የቀንድ ዋንጫ፣ አንድ ትልቅ በቆዳ የተለበጠ አገልግል ነበሩ። «አትንኩ» የሚል ወረቀት በየዕቃው ላይ የለጠፍሁት እኔው ነኝ።

አያ ሙጬ በዘበኝነት ተቀጥረው የመጡት ጉልበታቸው ከደከመ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ግድም ከከተማው በላይ ባለው ፓርክ፣ ሳንቃ በር በሚባል ሥፍራ ስካውት ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ሲራመዱ ጠፍጣፋ መሬት ላይ እንኳ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ጠመንጃቸውን ጡረታ ሲወጡ አስረክበዋል፤ ዱላቸውን ግን ልክ እንደ ጠመንጃ በትከሻቸው ላይ ያነግቱት ነበር፤ ሲቀመጡም አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው።

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ የመጀመሪያ ቀን። «ባለሙያ ሲሉኝ ወጥ የምትሠራ ሴት መስላኝ ነበር። ግድ የለም። የምንጠብቀው ስንት ጋሻ መሬት ነው?»

«አንድ አዳራሽ ነው፣ አባቴ።»

«ወሰኑስ?»

«ግድግዳው ነዋ።»

ወጥተው አዳራሹን በእርምጃ ዞሩት። ተመልሰው ገቡና በውስጥ በኩልም ዞሩት፤ እያንዳንዱ ሥዕል ፊት እየቆሙ፣ ዓይናቸውን እያጠበቡ። ሲጨርሱ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ጠባብ ነው» አሉ። «ግን ዳገት ይበዛዋል።»

በማግስቱ ስደርስ ሥዕሎቹ ሁሉ ቦታ ቀይረዋል። በሩ አጠገብ የደባርቅ ገበያ፣ ከዚያ የፓርኩ ሥፍራዎች፤ ቡይት ራስ፣ ቀጥሎ ሳንቃ በር፣ ከዚያ ግጭ፣ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ጨነቅ። ነብሩ ከሁሉም ርቆ ማዶ ለብቻው ተሰቅሏል። «እንደ መንገዱ ነው ያረግሁት» አሉኝ። «አንቺ ሳንቃ በርን ከጨነቅ ኋላ ሰቅለሽው ነበር። ሰው ይጠፋል።»

ከዚያ ደንብ አወጡ። ያለ ስካውት ማንም አይገባም።

«አያ ሙጬ፣ ይህ እኮ ፓርክ አይደለም» አልሁ።

«ዋልያ አለበት?»

«በሥዕል አለ።»

«ጭላዳ አለበት?»

«አለ፤ ግን —»

«ታዲያ ፓርክ ሌላ ምን ኖሮታል?»

የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ዝናብ ለመጠለል የገቡ ሁለት መምህራን ነበሩ። አያ ሙጬ ቆጥረው አስገቧቸው። «ቀስ በሉ። ከፍታው ይይዛችኋል። እኔ ሳልረግጥ እንዳትረግጡ» አሏቸው። አዳራሹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቡይት ራስ ሥዕል ሥር አስቆመው ስለ ወፎቹ ነገሯቸው፤ ሳንቃ በር ሥር አስቀመጧቸውና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው አካፈሏቸው። «ቀጥሎ ያለው ዳገት ረጅም ነው፤ እግራችሁን አፍታቱት» ሲሉ ከጠረጴዛዬ እሰማለሁ። ዝናቡ ካባራ ብዙ ቆይቷል። የኬሚስትሪ መምህሩ ሲወጣ ጉልበቱን በእጁ ይዞ ነበር።

«ደክሞሃል?» አልሁት።

«ያችን የግጭዋን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ» አለኝ። ከዚያ የተናገረውን ሰማና አፈረ።

መሥሪያ ቤቴን እውነተኛ ዘበኛ እንዲልክልኝ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ሌላ ዘበኛ የለም አሉኝ። እኔም ቀስ በቀስ ለመድሁ። ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ «በደህና ገባሽ?» ይሉኛል፤ እኔም «ተመስገን» እላለሁ።

ከዳኘው ጋር የነበራቸው ጠብ ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን አዲስ ሥዕል ይዞ መጣ፤ ከቡይት ራስ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ወንድ ዋልያ። ያማረ ነበር። አያ ሙጬ ብዙ አዩትና ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ይህ ዋልያ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ቆሟል» አለ ዳኘው።

«እዚህ አይደርስም። ሠላሳ ዓመት ስሄድ አንድም ቀን እዚህ ቆሞ አላየሁትም።»

«አያ ሙጬ፣ ሥዕል እኮ ነው!»

«ሥዕልስ ይሁን፤ የቆመበት ድንጋይ ግን የማውቀው ድንጋይ ነው። የላላ ነው። ይወድቃል ልጄ። ይውረድ።»

ዳኘው ተናዶ ወጣ። «ሽማግሌው አብደዋል» ብሎ በከተማው አወራ። በሳምንቱ ግን ማንም ሳይጠይቀው ጫማውን አጥብቆ ወደ ቡይት ራስ ወጣ። ሲመለስ ፊቱን ፀሐይ ልጦት ነበር። ድንጋዩን አገኘው፤ በእግሩ ቢነካው ተንከባሎ ገደል ገባ። ዋልያውን ከሥዕሉ ላይ አጠፋውና ባዶውን ገደል ብቻ ተወው። ዳኘው ከሣላቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አያ ሙጬ ሲያዩት፣ «አሁን ዋልያው ተረፈ» አሉ።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ያህል ቆየን። ከዚያ ኃላፊ ተቀየረልን። አዲሱ ኃላፊ አቶ ፈለቀ ከቆላ አገር የመጡ፣ ደባርቅ ከደረሱ ጀምሮ ሙቀት አግኝተው የማያውቁ፣ ሁለት ሹራብ ላይ ኮት የሚደርቡ ሰው ነበሩ። ክፉ አይደሉም፤ በርዷቸው ነው። የአዳራሹን ጎብኚ ቁጥር አስመጥተው አዩና አነሰባቸው። አዳራሹ ተዘግቶ የስብሰባ ወንበርና የድንኳን ማስቀመጫ እንዲሆን አሰቡ። ቦታውን አይቶ የሚወስን አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ራሳቸው፣ ጸሐፊዋ ንብረት ክፍል የምትሠራው ወይዘሮ ዘውዴ።

የመጡት ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ። ከአንድ ቀን በፊት ለስፌት ሴቶቹና ለሸማኔዎቹ ዕቃቸውን እንዲወስዱ መናገር እንዳለብኝ ተነግሮኝ፣ ጨንቆኝ፣ ሳልናገር አድሬ ነበር። አያ ሙጬ በሩ ላይ ቆመው፣ «አምስት» ብለው ቆጠሩና ከፊት መሩ።

«እኛ ለጉብኝት አልመጣንም፤ ልኬት ልንወስድ ነው» አሉ አቶ ፈለቀ።

«ይወሰዳል፣ ጌታዬ። እኔ ሳልረግጥ እንዳይረግጡ።»

ግጭ ሥዕል አጠገብ ሲደርሱ መብራት ጠፋ። በዚያው ቅጽበት ጉሙ ገባ። የደባርቅን የሐምሌ ጉም ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። መስታወት በሌላቸው መስኮቶች እንደ ወተት ፈሰሰና ወለሉን ሞላው፤ ወገብ ደረሰ፤ ከዚያ ሰው ከሰው መተያየት አቃተው።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አሉ አያ ሙጬ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

«መብራት ጠፍቶ ነው እኮ» አሉ አቶ ፈለቀ።

«ጉም ነው። በጉም የሚሞት የሚራመድ ሰው ነው። ባሉበት ቁጭ ይበሉ፤ ከፊታችን ገደል አለ።»

«ከፊታችን ያለው ግድግዳ ነው!»

«እርስዎ እዚህ አገር ስንት ጊዜዎ ነው፣ ጌታዬ?»

«ሰባት ወር ሆነኝ።»

«እኔ ተወልጄበታለሁ።»

ከዚያ በጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ ሰማሁ። ወይዘሮ ዘውዴ ናት። «እኔ ልጆች አሉኝ» አለች። ቀጥሎ ሁለተኛው ተቀመጠ፣ ሦስተኛው። በመጨረሻ አቶ ፈለቀ ከነኮታቸው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። በሩ ከእኔ ስምንት እርምጃ ላይ ነው። በየቀኑ ስምንቱን እርምጃ እሄደዋለሁ። ለመሄድ እግሬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁና እኔም ተቀመጥሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ብዙ ቆየን። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይመታል፤ ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። የአቶ ፈለቀ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። አያ ሙጬ በዳበሳ ከግድግዳው ላይ ባናውን አወረዱ።

«አያ ሙጬ፣ እሱ እኮ ለዕይታ የተቀመጠ የሕዝብ ንብረት ነው» አልሁ።

«ሕዝቡ በረደው» አሉኝ።

ባናውን ለአቶ ፈለቀ ደረቡላቸው፤ በርኖሱን ለወይዘሮ ዘውዴ፤ የጠጉር ቆቦቹን ለቀሩት አደሉ። ከዚያ የአገልግሉ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ፤ የድፎ ዳቦ ሽታ መጣ። «አትንኩ» ብዬ በለጠፍሁበት አገልግል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን ሲያስቀምጡ መኖራቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «አገልግል ባዶውን ሲሰቀል አንጀቴን ይበላዋል» አሉ፣ ዳቦውን እየቆረሱ።

እኔም እየዳህሁ ተጠጋኋቸውና አብረን በላን። ወሬ ተጀመረ። ንብረት ክፍል የምትሠራው ዘውዴ እናቷ እንዲህ ያለ በርኖስ ለአባቷ ፈትላ እንደነበር ነገረችን። በኋላ በጉሙ ውስጥ የአቶ ፈለቀ ድምፅ መጣ፤ «ሞቀኝ» አሉ። ሰው አንድ ትልቅ ምሥጢር ሲናገር እንደሚናገረው። «ሰባት ወር ሙሉ... አሁን ሞቀኝ።»

ጉሙ ሲገለጥ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ከግጭ ሥዕል ሥር፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቃቅፈን ተቀምጠን ተገኘን። ማንም ማንንም ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። አያ ሙጬ ተነሥተው ቆጠሩን። «አምስት ገብታችሁ፣ አምስት ናችሁ። ባለሙያዋ ስድስት። ተመስገን።» አቶ ፈለቀም ተነሡና፣ ኮታቸውን ሳያራግፉ፣ የአያ ሙጬን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው ወይዘሮ ዘውዴ ናት። ቅጂው በእጄ ስለገባ አንብቤዋለሁ፦ «ኮሚቴው በሥፍራው ተገኝቶ ሥራውን በማከናወን ላይ እያለ በድንገተኛ ጉም የተያዘ ሲሆን፣ በስካውት ሙጬ ብርታት ከገደሉ ጫፍ ያለ አንዳች ጉዳት ተመልሷል።» አምስቱም ፈርመዋል፤ ማኅተም አርፎበታል።

ውሳኔ የሚባል ነገር አልተጻፈም። ሆኖም ወንበሮቹ ቀድሞ ታዘው ስለነበር በወሩ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። አብሯቸው የመጣው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለ ቦታው የተጻፈ ካለ አሳዩኝ አለ። ቃለ ጉባኤውን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ገደሉ የት ነው?» አለኝ።

አያ ሙጬ በዱላቸው አሳዩት።

ሰውየው ግድግዳውን አየ። ማኅተሙን አየ። እንደገና ግድግዳውን አየ። «እኔ ገደል አፋፍ ላይ የመንግሥት ወንበር አላራግፍም» አለ። «አንዱ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» መኪናውን አዙሮ ወንበሮቹን ወደመጡበት ይዞ ሄደ። አዳራሹ ማሳያ ሆኖ ቀረ። አቶ ፈለቀ ሸማኔውን አስጠርተው የራሳቸውን ባና አሠሩ፤ ቢሮ ውስጥ ደርበውት ይቀመጡ ጀመር። እሳቸውን አይቶ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አሠራ። ሸማኔው እስከ ፋሲካ ቀና ብሎ አላየም።

አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኋቸው። «አያ ሙጬ፣ የእውነት ይንገሩኝ። ያን ቀን ገደል ይታይዎት ነበር?»

ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ነበር።

«ግድግዳ አላይም ያልሁሽ መቼ ነው፣ ልጄ?» አሉ። «አየዋለሁ እንጂ። ጉልበቴ የሚያደርሰኝ እሱ ድረስ ነው። ከእሱ ወዲያ ያለውን ዳኘው ይሄድልኛል።» ከዚያ በቁጣ፣ «ይልቅ ያችን መሶብ ከጭላዶቹ ፊት አንሽ፤ ካዩት አይተዉትም» አሉኝ።

ወደ ዳባት ከመዛወሬ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የሆነውን ልናገርና ላብቃ። የጨነቅን ሥዕል ለዐውደ ርእይ ጎንደር ልከነው ነበር። አውቶቡስ ላይ የጫኑት ራሳቸው አያ ሙጬ ናቸው። መጨረሻው ግድግዳ ላይ የቀሩት ሁለት ምስማሮችና ሥዕሉ የነበረበት ነጣ ያለ ቦታ ብቻ ነበሩ።

በማግስቱ ጋሽ አለባቸው የሚባሉ ሽማግሌ ከቡይት ራስ መጡ። በቅሎ ነጂ ነበሩ፤ ከአያ ሙጬ ጋር አብረው ያረጁ። ዓይናቸው ጠፍቷል። ልጃቸው፣ ትልቅ ሴት ናት፣ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸውና ገበያ ደርሳ እንደምትመለስ ነግራን ወጣች።

«ሙጬ» አሉ ጋሽ አለባቸው በሩ ላይ ቆመው፣ «ጨነቅ አለ ብለውኛል። ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ውሰደኝ።»

እኔ አያ ሙጬን አየሁ። አያ ሙጬ እኔን አላዩኝም። የጓደኛቸውን እጅ ትከሻቸው ላይ አስቀመጡና መንገድ ጀመሩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ያን ያህል ቀስ ብለው ሲሄዱ አላየኋቸውም። ቡይት ራስ ላይ አረፉ። ሳንቃ በር ላይ ቆሎ ተቃመሱ፤ በስም እየጠሩ ስለ በቅሎዎች ተሟገቱ። ግጭ ዳገት ላይ ጋሽ አለባቸው ማለክለክ ጀመሩ። እኔም ከኋላ ተከተልኋቸው።

«ጨነቅ ደረስን» አሉ አያ ሙጬ።

ባዶው ግድግዳ ፊት ቆመናል።

«ነፋሱ ከየት ነው?» አሉ ጋሽ አለባቸው፣ መዳፋቸውን ወደ ፊት ዘርግተው።

«ከታች።»

«አዎ፤ ከታች ነው። ጭላዶቹስ?»

«ወጥተዋል። አፋፉ ላይ ሣር ይነቅላሉ።»

ጋሽ አለባቸው ጥቂት አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ባለሙያዋ አለሽ? ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸታም ነው። አንቺ ተምረሻል። አንቺ ንገሪኝ፤ ምን ይታይሻል?»

ሁለቱን ምስማሮች አየሁ። ነጣ ያለውን ቦታ አየሁ። አያ ሙጬ ዱላቸውን አንግተው ግድግዳውን እያዩ ነው።

«ጭላዶች ናቸው፣ ጋሼ» አልሁ። «ትልቁ ወንዱ ጀርባውን ሰጥቶናል። ጠጉሩን ነፋሱ ይበትነዋል። እናቶቹ ከእሱ ዝቅ ብለው ናቸው፤ ልጆቻቸውን አዝለዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት —»

አያ ሙጬ ክንዴን ቀጨም አደረጉኝ።

«ቀስ» አሉ በሹክሹክታ። «አትቁጠሪያቸው። ይሸሻሉ።»

መቁጠሩን ተውሁ። ሦስታችንም ዝም ብለን ቆምን። የጋሽ አለባቸው ልጅ ከገበያ ተመልሳ በሩን ገጭ አድርጋ ስትከፍተው፣ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ዞረን፣ ጣታችንን አፋችን ላይ አድርገን፣ «እሽሽ!» አልናት።